ጋራዥ ውስጥ የተሠራ ባይፕሌን ገዝቶ ማደስ፦ ከግዢ እስከ መጀመሪያው በረራ

አሜሪካ ውስጥ በየትንንሹ ኤርፖርት ሀንጋር ብትዞሩ፣ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው በገዛ እጃቸው የሠሯቸው ባይፕሌኖች አቧራ ለብሰው ታገኛላችሁ። ሁለት ክንፍ ነው፣ አንዱ ካንዱ በላይ፣ መሀላቸው ድጋፍና የተወጠረ ሽቦ። የሠራው ሰው አርጅቷል፤ ወይም አርፎ ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸዋል። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ከባዶ ለመሥራት ከሚያስፈልገው ባነሰ ገንዘብ ይገኛል። እጅና ትዕግሥት ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ የትርፍ ጊዜ ሥራ እኔ አላውቅም።

መመሪያው እዚህ አሜሪካ ላላችሁ ነው፤ ስለ ሕግ ስናገርም የኤፍኤኤን፣ ማለትም የአሜሪካን ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት፣ ሕግ ማለቴ ነው። ሌላ አገር ያላችሁ የእጅ ሥራው ያው ነው፣ የፈቃዱን ጉዳይ ግን ከየአገራችሁ ሲቪል አቪዬሽን ጠይቁ።

ዋናውን ነገር ከአሁኑ ልበለው። ቀለሙን አትመኑ። ባይፕሌን ጨርቅ የለበሰ አውሮፕላን ነው። ጨርቁ ሲያምር ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል፤ ሸክሙን የሚሸከመው ግን ከሥር ያለው ብረትና እንጨት ነው። ያንን ደግሞ ከሃያና ሠላሳ ዓመት በፊት የማታውቁት ሰው ነው የበየደውና ያጣበቀው። ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ስለዚህ ከታች የምጽፈው በሙሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ያላያችሁትን ነገር ይዛችሁ አትነሡ። መክፈት የሚቻለው ሁሉ ይከፈት።

የትኛውን ዓይነት?

ገበያው ላይ ደጋግማችሁ የምታገኟቸው ጥቂት ዓይነቶች ናቸው። ፒትስ ኤስ-1 አለ፣ ከርቲስ ፒትስ የነደፈው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1944 የበረረ (ዓመቶቹ ሁሉ እንዲሁ ናቸው)፣ ባለ አንድ መቀመጫ። የላይኛው ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 17 ጫማ ከ4 ኢንች ብቻ ነው፣ ወደ 5 ሜትር ከ30። ለአክሮባት የተፈጠረ ነው፤ አየር ላይ እንደ ሐሳብ ይታዘዛል። ማረፍ ላይ ግን ፈጣን ነው፣ ለጀማሪም ምሕረት የለውም። ስቲን ስካይቦልት ባለ ሁለት መቀመጫ ነው። ላማር ስቲን ዴንቨር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ የመጀመሪያውን ስካይቦልት የሠሩትም ተማሪዎቹ ናቸው፣ በ1970 በረረ። ሀትዝ ሲቢ-1 ደግሞ በ1968 የመጣ፣ ገራም፣ ቀስ ብሎ የሚበርና ቀስ ብሎ የሚያርፍ አውሮፕላን ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታድሱ ከሆነ ሀትዝ ወይም ስካይቦልት ፈልጉ። ፒትስ የምትወዱ ከሆነ እሺ፣ ግን ከአስተማሪ ጋር በጭራ ጎማ አውሮፕላን ላይ በደንብ ከሠራችሁ በኋላ ይሁን።

ዓይነቱን ስትመርጡ አንድ ተጨማሪ ነገር አስቡ፦ ንድፉ ዛሬም ይገኛል ወይ? ንድፍ የሌለውን አውሮፕላን ማደስ መከራ ነው። አንድ የተሰነጠቀ የብረት መያዣ በምን ውፍረት እንደተሠራ ካላወቃችሁ በግምት ልትሠሩት ነው፤ ግምት ደግሞ እዚህ ቦታ የለውም። ጋራዣችሁንም ለኩ። እንደ ፒትስ የላይኛው ክንፍ አንድ ወጥ የሆነ ነገር ሲገባ በሩ ብቻ ሳይሆን ማዞሪያው ነው የሚያስቸግረው።

ወረቀቱ

ብረቱን ከማየታችሁ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ። እነዚህ አውሮፕላኖች የተመዘገቡት «ኤክስፐርመንታል አማተር ቢልት» በሚባለው ምድብ ነው። ሕጉ የሚለው፣ የሥራው ከግማሽ በላይ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በሠሩ ሰዎች እጅ መሠራት አለበት ነው። ያለቀና የተመዘገበ አውሮፕላን ስትገዙ ያ ጉዳይ አልቋል። ከዚያ በኋላ ጥገናውንና እድሳቱን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፣ ማንም አይከለክላችሁም። በየዓመቱ የሚደረገውን የብቃት ምርመራ ግን መፈረም የሚችለው «ኤ ኤንድ ፒ» የሚባል የአውሮፕላን አካልና ሞተር ፈቃድ ያለው መካኒክ ወይም ለዚያው አውሮፕላን የሪፔርማን ሰርተፊኬት ያለው ሠሪው ነው። ያ ሰርተፊኬት ከአውሮፕላኑ ጋር አይሸጥም። ስለዚህ ከግዢው በፊት ጨርቅና እንጨት የሚያውቅ መካኒክ በአካባቢያችሁ ፈልጉ፣ ሥራውንም ሳትሸፍኑ እንዲያየው ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ሁሉ ነገር ተሸፍኖ ካለቀ በኋላ «ፈርምልኝ» ማለት እሱንም ማስቸገር ነው።

ያላለቀ ፕሮጀክት ከሆነ የምትገዙት ነገሩ ይለያል። አብዛኛውን ሥራ የሠሩት አማተሮች መሆናቸውን ለኤፍኤኤ ማሳየት የናንተ ኃላፊነት ይሆናል፤ ስለዚህ የቀድሞውን ሰው የሥራ መዝገብ፣ ፎቶና ደረሰኝ ሁሉ ተቀበሉ። ሰውየው «እሱማ ጠፍቷል» ካለ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ተዉት።

ላለቀ አውሮፕላን የምትፈልጉት ይኸው ነው፦ የምዝገባ ወረቀት፣ የአየር ብቃት ሰርተፊኬት፣ ኦፐሬቲንግ ሊሚቴሽን የሚባሉት አውሮፕላኑ በምን ገደብ እንደሚበር የሚናገሩ ገጾች፣ የአካሉና የሞተሩ ሎግቡክ፣ የክብደትና ሚዛን ወረቀት። ኦክላሆማ ሲቲ ካለው የኤፍኤኤ መዝገብ ቤት የአውሮፕላኑን ሙሉ ፋይል ማዘዝ ይቻላል። እዘዙት። ሻጩ የረሳው ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል።

ኢኤኤ የሚባለውን በእጃቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ማኅበርም ተቀላቀሉ። በ1953 የተመሠረተ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዊስኮንሲን፣ ኦሽኮሽ ውስጥ ያለ ነው። ቴክኒካል ካውንስለር የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች አሉት። ጋራዣችሁ ድረስ መጥተው ሥራችሁን ያዩላችኋል። እነሱን ሳያማክር የሚሠራ ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ አይገባኝም።

ከመክፈላችሁ በፊት የምታዩት

ባትሪ፣ ትንሽ መስታወት፣ ማግኔትና ደማቅ መብራት ያለው ቀጭን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ።

ከጭራው ጀምሩ። ጭራ ጎማ ያለው አውሮፕላን ሲቆም አፍንጫው ወደ ላይ ጭራው ወደ ታች ነው፤ የገባ ውኃና የወደቀ ቆሻሻ ሁሉ ተንሸራቶ የሚጠራቀመው ጭራው አጠገብ ባሉት የታችኛው ቱቦዎች ላይ ነው። ዝገቱ ከውስጥም ከውጭም ሊሆን ይችላል። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ሹል ነገር ጫን አድርጉበት፣ መዶሻ ቢጤም መታ መታ አድርጉ። ጤነኛ ቱቦ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላ ቱቦ ደግሞ ይሰረጉዳል።

ቀጥሎ ክንፉ። የክንፉ ዋና ተሸካሚዎች ስፓር የሚባሉት ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሲትካ ስፕሩስ። በመፈተሻ ቀዳዳዎቹ ካሜራውን አስገብታችሁ የእንጨቱን ጅማት አቋርጦ የሚሄድ ቀጭን መስመር ፈልጉ። ፀጉር የሚያህል ነው፣ በቀላሉ ያመልጣል። ይህ ማለት እንጨቱ ከሚችለው በላይ ተጨፍልቆ ውስጡ ተሰብሯል ማለት ነው። ድጋፎቹ የሚታሰሩበት ቦታ ላይ፣ በተለይ ማጠናከሪያ ኮምፔንሳቶው የሚያልቅበት ጠርዝ አጠገብ በደንብ እዩ። እንዲህ ያለ ስፓር አይጠገንም፣ ይቀየራል።

ታሪኩንም ጠይቁ። መሬት ላይ ተሽከርክሮ ክንፉን አስነክቶ ያውቃል? ፕሮፔለሩ መሬት መትቶ ያውቃል? ከመታ፣ ሞተሩ ተፈቶ መታየቱን የሚያሳይ ጽሑፍ ሎግቡኩ ላይ መኖር አለበት። ላይካሚንግ ሞተር ከሆነና ለዓመታት ከቆመ ሌላ ጣጣ አለ። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት የሚቀመጠው ከክራንክሻፍቱ በላይ ነው። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ከላዩ ይወርድና ብረቱ ይዝጋል። ሻጩ «ባለፈው ዓመት አስነሥቼው ጥሩ ይሠራ ነበር» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ግን የዛገ ካምሻፍትም ለጊዜው ይሠራል።

ዋጋ ስትደራደሩ ሞተሩ ተፈቶ ይታደሳል፣ ጨርቁም ይቀየራል ብላችሁ አስቡ። ሁለቱም ደህና ሆነው ከተገኙ ተመስገን ነው።

መፍታት

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ለኩ። አውሮፕላኑ እንደቆመ፣ ገና ሽቦዎቹ እንደተወጠሩ፣ የላይኛው ክንፍ ከታችኛው ምን ያህል ወደፊት እንደወጣ፣ እያንዳንዱ ክንፍ ስንት ዲግሪ ቀና እንዳለ፣ ጫፉ ምን ያህል ወደ ላይ እንደተነሣ ጻፉ። የእያንዳንዱን ሽቦ ርዝመት ለኩ፣ ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ምን ያህል እንደገባም ቁጠሩ። ንድፉ ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል። ያኔ ልዩነቱን ማወቅ ራሱ መረጃ ነው፤ አንድ ነገር ተጣሟል ወይም ሠሪው ሆን ብሎ ለውጦታል።

ከዚያ ፎቶ። ከምትፈልጉት በላይ አንሡ፣ ከሩቅም ከቅርብም። ቡሎንና ዳዶ ሁሉ ከወጣበት ዕቃ ጋር በላስቲክ ከረጢት ይታሰር፣ ስሙ ይጻፍበት። የምትመልሱት ያንኑ ቡሎን አይደለም። አብዛኛው ይጣላል፤ ግን የትኛው ርዝመት የት እንደነበር ይነግራችኋል። አዲሱ «ኤኤን» ደረጃ ያለው የአውሮፕላን ቡሎን ይሁን፣ ከመኪና ዕቃ መደብር የሚገዛ በምንም ዓይነት አይገባም።

ጨርቁን በምላጭ ስትገፉ ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ አውጡት፣ አትጣሉት። የመፈተሻ ቀዳዳና የውኃ መውጫ የት እንደነበረ፣ ስፌቱ በየስንት ኢንች እንደሆነ እሱ ላይ ታያላችሁ። ምላጩን ጠልቃችሁ አታስገቡ፣ ከሥር ያለውን የእንጨት ጎድን ትቆርጣላችሁ።

ብረቱ

አካሉ 4130 ከሚባል ክሮም ሞሊ ብረት፣ ከቀጫጭን ቱቦ የተበየደ ነው። ቀለሙ በሙሉ ይውጣ። አሸዋ የሚረጭ ባለሙያ ጋ ከወሰዳችሁት ቱቦው ስስ መሆኑን ንገሩት፣ ደቃቅ አሸዋና ዝቅ ያለ ግፊት ይጠቀም። ራቁቱን የቀረ ብረት በአንድ ሌሊት ይዝጋልና በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር ቀቡት። እጃችሁ ላይ ያለው ላብ ራሱ ይበቃዋል፣ ጓንት አድርጉ።

ከዚያ እያንዳንዱን ብየዳ በማጉያ መነጽር እዩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የማረፊያ እግሩ የሚታሰርበት፣ የሞተሩ መያዣ፣ የታችኛው ክንፍና የሽቦዎቹ መያዣዎች፣ እነዚህ አራት ቦታዎች ከሌላው ሁሉ በላይ ይለፋሉ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው፣ መሀሉ ላይ አይደለም።

የተበላ ቱቦ ሲገኝ በላዩ ላይ ላሜራ ለጥፎ መበየድ አይቻልም። የተጎዳው ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ቱቦ ይገባል፤ መጋጠሚያው ከውስጥ ወይም ከውጭ በሌላ ቱቦ ይታቀፋል፣ አቆራረጡም ቀጥ ያለ ሳይሆን አግድም የተሰየፈ ወይም እንደ ዓሣ አፍ የተከፈተ ይሆናል። አካሄዱ በዝርዝር ያለው ኤፍኤኤ ያወጣው ኤሲ 43.13-1ቢ የሚባል ሰነድ ላይ ነው። በነፃ ይወርዳል፣ አትማችሁ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጡት። ቱቦውን ከመቁረጣችሁ በፊት አካሉን ከጠንካራ ጠረጴዛ ጋር እሰሩት፣ ያለዚያ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ጎትቶ ያጣምመዋል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፣ ውኃ አይነካው፣ የማራገቢያ ነፋስም አይምታው። የቲግ ብየዳ ልምድ ከሌላችሁ ይህን ለበያጅ ስጡ፣ ግን የአውሮፕላን ቱቦ በይዶ ለሚያውቅ። የበርና የመስኮት በያጅ ጎበዝ ቢሆንም ይህን ስስ ብረት አይለምደውም።

እንጨቱ

የእርጥበት መለኪያ ግዙ። እንጨቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ላይ ሲሆን ነው ማጣበቅ ያለባችሁ። ጋራዣችሁ ክረምት ላይ የሚረጥብ ከሆነ ማድረቂያ ማሽን ያስፈልጋችኋል።

የድሮውን ኮላ ፈትሹ። የክንፉን ጎድኖች አንድ በአንድ በእጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ጠምዝዙ። የሚንቀጫቀጥ፣ የሚላቀቅ፣ የማዕዘን ኮምፔንሳቶው የተነሣ ካለ ጎድኑን አውጥታችሁ አዲስ ሥሩ። ጎድን መሥራት ቀላልና ደስ የሚል ሥራ ነው። በንድፉ ልክ ጣውላ ላይ መያዣ ትሠራላችሁ፣ ቀጫጭኖቹን እንጨቶች ትደረድራላችሁ፣ ማዕዘኖቹን ታጣብቃላችሁ፣ ሲደርቅ ገልብጣችሁ ሌላውን ጎን። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም።

ለኮላ ብዙ ሰው ዛሬ ቲ-88 የሚባለውን ኢፖክሲ ይጠቀማል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ኢፖክሲ ላይ ሞርሳ አታጥብቁ፤ ኮላውን ጨምቃችሁ ታወጡትና መጋጠሚያው ደረቅ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ኮላ በበጠበጣችሁ ቁጥር ሁለት ቁራጭ እንጨት አብራችሁ አጣብቁና ቀን ጻፉበት። ሲደርቅ በመዶሻ ስበሩት። እንጨቱ ከተሰበረ ኮላው ደህና ነው። በኮላው መስመር ላይ ከተላቀቀ በዚያ ቀን ያጣበቃችሁት ሁሉ ይፈርሳል። ይህን ልማድ የሚዘሉ ሰዎች አያለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው።

ቫርኒሹም እንደ ተራ ነገር አይታይ። የጨርቁ ኬሚካል ተራ ቫርኒሽን ያሟሟዋል፤ ጨርቅ የሚነካው ቦታ ሁሉ ኢፖክሲ ቫርኒሽ ይፈልጋል። የቡሎን ቀዳዳዎችንም ውስጣቸውን ቀቡ፤ እርጥበት የሚገባው በዚያ ነው።

ክንፉ መልሶ ሲገጣጠም ቀጥ ማለቱን የምታረጋግጡት በማዕዘን ርቀት ነው። በሁለቱ ስፓሮች መሀል የተዘረጉ የመስቀል ሽቦዎች አሉ። በየክፍሉ ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች ለኩና እኩል እስኪሆኑ ሽቦዎቹን አስተካክሉ። አንዱን ክፍል ስታስተካክሉ ጎረቤቱ ይዛባል፤ ደጋግማችሁ ትዞሩታላችሁ። ሲያልቅ ከጫፍ ሆናችሁ በዓይናችሁ ስፓሩን እዩት፣ ዓይን ጥሩ መለኪያ ነው።

ጨርቅ ከመልበሱ በፊት አንድ ጊዜ ሁሉንም ግጠሙ

ብዙ ሰው ለመዝለል የሚፈልገው ይህን ነው። ክንፎቹን፣ ድጋፎቹን፣ ሽቦዎቹን፣ ጭራውን፣ ሞተሩን፣ የነዳጅ ታንኩን፣ ሁሉንም ራቁቱን ግጠሙት። መሪውን ጥግ እስከ ጥግ አንቀሳቅሱ። የሚነካ፣ የሚፍቅ፣ የማይደርስ ነገር ካለ አሁን ነው የሚታየው። መካኒካችሁንና ካውንስለሩን የምትጠሩትም አሁን ነው። ከዚያ መልሳችሁ ትፈታላችሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ያው የተሸፈነ ክንፍ ቀዶ ከመክፈት ግን በብዙ ያንሳል።

ጨርቁ

ዛሬ የሚለብሰው ፖሊስተር ነው፤ ሴኮናይትና ፖሊ ፋይበር የታወቁ ናቸው። አንድ ዘዴ ምረጡና ከኮላው እስከ መጨረሻው ቀለም የዚያኑ አምራች መመሪያ ተከተሉ። የአንዱን ኮላ ከሌላው ቀለም ጋር ማደባለቅ የለም።

ጨርቁ ጠርዙ ላይ ከተጣበቀ በኋላ በካውያ ይወጠራል። በመጀመሪያ ወደ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በመጨረሻ ወደ 177፣ በፋራናይት 250 እና 350 ማለት ነው። የቤት ካውያ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ፣ በቴርሞሜትር ለኩና ማዞሪያው ላይ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በላይ ካሞቃችሁት ጨርቁ ውጥረቱን ያጣል፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ከላይና ከታች እያፈራረቃችሁ ወጥሩ፤ አንዱን ጎን ብቻ ካጠበቃችሁ ቀጭኑ የኋላ ጠርዝ ይጣመማል፣ ራደር የሚባለው የጭራው ቋሚ መሪ ቱቦ ሳይቀር ሊጎብጥ ይችላል።

ከዚያ ስፌቱ ይመጣል። ኮላ ብቻውን ጨርቁን ክንፉ ላይ አያቆየውም፤ የላይኛው ገጽ በበረራ ላይ ወደ ላይ ይሳባል። ስለዚህ በረጅም መርፌና በሰም ክር እያንዳንዱ ጎድን ላይ ከላይ ወደ ታች ይሰፋል። ስፌቱ በየስንት ኢንች እንደሚሆን አውሮፕላኑ ሊያልፈው በማይገባው ፍጥነት ይወሰናል፤ ሰንጠረዡ እዚያው 43.13 ላይ አለ። ፕሮፔለሩ የሚነፋው አካባቢ ደግሞ ቀረብ ቀረብ ይላል። ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች መርፌውን እየተቀባበሉ። ቤተሰብና ጓደኛ የሚጠራበት ቀን ይህ ነው፤ ቡና ይፈላ፣ ጨዋታውም ሥራውም አብሮ ይሄዳል።

በስፌቱ ላይ ቴፕ ይለጠፋል፣ የመፈተሻ ክቦችና የውኃ መውጫዎች ይቀመጣሉ። የውኃ መውጫ በየክፍሉ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይሁን፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ዝቅ የሚለው የትኛው እንደሆነ አስቡ። ከዚያ አሉሚኒየም ያለበት ብርማ ቀለም። ይህ ለጌጥ አይደለም፣ ፖሊስተርን የሚገድለው ፀሐይ ነውና እሱን የሚከልለው ይህ ነው። ክንፉ ውስጥ አምፖል አስገብታችሁ በጨለማ እዩት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ አልበቃም።

የላይኛውን ቀለም አታብዙ። ቀለም ክብደት ነው፣ ጭራ ላይ ያለ ቀለም ደግሞ ሚዛን ያዛባል። ለጤናችሁም፣ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ጭንብል የግድ ነው። ፖሊዩሬቴን የምትረጩ ከሆነ ማጣሪያውም አይበቃም፣ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚመጣበት ጭንብል ያስፈልጋል። አለዚያ ለቀለም ቤት ስጡት።

ሞተሩና ነዳጁ

ስለ ሞተር ብዙ አልልም፤ ሞተር እድሳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለዓመታት የቆመ ሞተር ከሆነ ፕሮፔለሩን በእጅ እንኳ አታዙሩ፣ በመጀመሪያ አንድ ሲሊንደር ተነሥቶ ካምሻፍቱ ይታይ። ጎማ የሆነ የነዳጅና የዘይት ቱቦ ሁሉ ይቀየር። ለሻማዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ማግኔቶዎች ለሚያድስ ይላኩ።

ነዳጁ ላይ ግን ራሳችሁ የምትሠሩት ወሳኝ ፈተና አለ። በራሱ ክብደት የሚወርድ ነዳጅ ከሆነ ቧንቧው ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ከሚፈልገው 150 በመቶ ማድረስ አለበት፣ ፓምፕ ካለው 125። ስሌቱ ቀላል ነው። 180 የፈረስ ጉልበት በ0.55 (አንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት በሚፈልገው ፓውንድ ነዳጅ) ሲባዛ በሰዓት 99 ፓውንድ፣ በ1.5 ሲባዛ 148.5፣ ጋሎኑ 6 ፓውንድ ስለሆነ በሰዓት 24.75 ጋሎን። ስለዚህ አፍንጫውን በሚወጣበት ማዕዘን ቀና አድርጋችሁ፣ ታንኩ ውስጥ ጥቂት ነዳጅ ብቻ ሲቀር፣ ካርቡራተሩ ጋ ያለውን ቱቦ ፍቱና ወደ ጀሪካን ልቀቁት። አንድ ጋሎን ለመሙላት ከ2 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ በላይ ከፈጀ አውሮፕላኑ ለመብረር አልደረሰም። ይህን ውጭ ሥሩት፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን፣ አካሉንም ከመሬትና ከጀሪካኑ ጋር በሽቦ አገናኙት።

ሽቦዎቹን መወጠር

ባይፕሌንን ከሌላው የሚለየው ይህ ነው። ሁለቱ ክንፎች፣ ድጋፎቹና ሽቦዎቹ ተባብረው እንደ ድልድይ ይሠራሉ፤ ስስ እንጨት ይህን ሁሉ ኃይል የሚችለው በነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 አዲስ አበባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው ፖቴዝ 25 በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነበር። ዘዴው አላረጀም።

አካሉን በውኃ ልክ አስተካክሉ፣ ወደ ፊትም ወደ ጎንም። መጀመሪያ የላይኛው ክንፍ መካከል ይቀመጥ፤ ቱምቢ አንጠልጥላችሁ ከአካሉ መሀል መስመር ጋር መግጠሙን እዩ። እዚህ ላይ የሚቀር ስሕተት እስከ ጫፍ ይከተላችኋል። ቀጥሎ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲሆን ክንፎቹን አንጠልጥለው የሚይዙትን ሽቦዎች እያጠበቃችሁ የጫፉን ከፍታ ንድፉ ላይ ወዳለው አምጡ። ከዚያ በበረራ ላይ ሸክሙን የሚሸከሙትን፣ ከታች ወደ ላይ የሚሄዱትን። ግራና ቀኝ እኩል፣ ጥቂት በጥቂት፣ እየተፈራረቃችሁ። በመጨረሻ ክንፎቹ ስንት ዲግሪ ቀና እንዳሉ እንደገና ለኩ። ሽቦዎቹ የሚሻገሩበት ቦታ ላይ አንድ ላይ የሚይዛቸው ቀጭን ዘንግ አለ፣ እሱ ከሌለ በነፋስ ይንቀጠቀጣሉ፣ መንቀጥቀጥ ደግሞ ብረት ይሰብራል።

የእያንዳንዱ ሽቦ ጥርስ መያዣው ውስጥ በበቂ መግባቱን በመፈተሻ ቀዳዳው ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ እዩ፤ ሽቦው ካለፈ ጥርሱ አልደረሰም። ሁሉም ዳዶ ይቆለፍ፣ ኮፒሊያው ይታጠፍ፣ ማሰሪያ ሽቦው ይታሰር። መሪው በትክክል መገናኘቱንም አረጋግጡ። ወደ ግራ ስትገፉት የግራው ኤለሮን፣ ማለትም የክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ወደ ላይ ይነሣል። ወደናንተ ስትስቡት የጭራው አግድም መሪ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ። ይህን ሌላ ሰው፣ ሥራው ላይ ያልነበረ ሰው፣ ከናንተ ተለይቶ ይይ። ተገልብጦ የተገናኘ መሪ ሰው ገድሏል።

ሚዛን

ከቀለም በኋላ የድሮው የክብደት ወረቀት አይሠራም። ሦስት ሚዛን ተከራዩ፣ ጭራውን አንሥታችሁ አውሮፕላኑን በበረራ አቀማመጡ ላይ አድርጉ። ለምሳሌ ግራ ጎማ 520 ፓውንድ፣ ቀኝ 525፣ ጭራ 55 ቢሆን ድምሩ 1,100 ነው። ጭራ ጎማው ከዋናው አክስል በስተኋላ 150 ኢንች ላይ ከሆነ፣ 55 በ150 ሲባዛ 8,250፣ ለ1,100 ሲካፈል 7.5። የክብደቱ መሀል ከአክስሉ 7.5 ኢንች ወደ ኋላ ነው ማለት ነው። ከዚያ አብራሪውን፣ ነዳጁን፣ ሻንጣውን ጨምራችሁ አስሉ፣ ነዳጅ ሲያልቅም አስሉ። ውጤቱ ንድፉ ከሚፈቅደው ወደ ኋላ ካለፈ አትብረሩ፤ ጭራው የከበደ ባይፕሌን ከስፒን፣ ማለትም እየተሽከረከሩ ከመውረድ፣ ላይወጣ ይችላል።

የመጀመሪያው በረራ

አዲስ የተሠራ አውሮፕላን ከሆነ፣ ሞተሩና ፕሮፔለሩ አብረው የጸደቁ ከሆኑ በተለምዶ 25 ሰዓት፣ ካልሆኑ 40 ሰዓት በተወሰነ አካባቢ የሙከራ በረራ ይጠበቅባችኋል። ታድሶ ለተመለሰ አውሮፕላን ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሊሚቴሽኑን አንብቡ፤ እንደ ሞተር ዓይነት መቀየር ያለ ትልቅ ለውጥ አድርጋችሁ ከሆነ ለኤፍኤኤ ማሳወቅና እንደገና የሙከራ ሰዓት መብረር ይኖርባችኋል።

አብራሪው የግድ እናንተ መሆን የለባችሁም። በጭራ ጎማ የመብረር ፈቃድ ያለው፣ በዚያው ወይም በሚመስል ባይፕሌን በቅርቡ የበረረ ሰው ይሁን። ሁለተኛ ሰው አይሳፈርም። ረጅም ማኮብኮቢያ፣ ጸጥ ያለ ጠዋት፣ እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው መሬት ላይ። ከተነሣ በኋላ ከሜዳው ሳይርቅ ከፍታ ይያዝ፣ ሞተሩ ሙቀቱና ግፊቱ ይታይ፣ ከፍታው ላይ ቀስ ብሎ ስቶሉ፣ ማለትም ክንፉ መሸከም የሚያቅተው ዝቅተኛ ፍጥነት፣ የት እንደሆነ ይሞከር፣ ያንን ፍጥነት መዝግቦ ይውረድ። አክሮባት የለም።

ሲያርፍ የሞተሩን ሽፋን አውልቁና ዘይት የሚያፈስ፣ የሚፍቅ፣ የላላ ነገር ፈልጉ። ሽቦዎቹንም እንደገና ለኩ፤ አዲስ የተገጠመ እንጨትና ብረት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቦታ ቦታውን ሲይዝ ውጥረቱ ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዓታት ከየበረራው በኋላ ለኩ፣ ቁጥሩን ሎግቡክ ላይ ጻፉ። መለወጡን ሲያቆም ብቻ የምርመራውን ጊዜ አራርቁት። በየበረራው የሚላላ ሽቦ ካለ ግን ከማጥበቅ በፊት መያዣውን ፈትታችሁ ቡሎኑንና ቀዳዳውን እዩ።